ሦስተኛው ይቅርታ

"ይሄ ደግሞ ሦስተኛው ነው!" አለች ቺዙሩ፣ አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እንደከተተች። ጫማ የሚወለቅበት ደፍ ላይ በሐምራዊ ጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን ተቀምጧል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አሮጌ ጣፋጭ ቤት የተገዛ ነው፤ ያ ቤት ደግሞ ርካሽ ነገር ሸጦ አያውቅም።

ባሏ ሺንጎ የጥርስ ብሩሹን ጎርሶ ብቅ አለ። "ምኑ?"

"ምኑ ትለኛለህ እንዴ? ይቅርታው ነዋ! በተጋጨህ ማግስት አንድ ሳጥን ወሰድክ። እሺ፣ ደንብ ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ የመረጥኩልህ። ማክሰኞ የጥገናውን ዋጋ ልጠይቅ ብለህ ሌላ ወሰድክ። የዛሬው ለምንድን ነው? የመኪናዋ በር ወለደ?"

"ባዶ እጄን ልሂድ ታዲያ? ሰው አስደንግጬ።"

"ያስደነገጥካት ከዐሥር ቀን በፊት ነው። እስካሁን ካልተረጋጋች ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት።"

ሺንጎ ሳቀና አፉን ሊጉመጠመጥ ተመለሰ። ቅዳሜ ነው። ሺንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢሙን አይላጭም፤ ዛሬ ግን ተላጭቷል። ቺዙሩ ይህን አየች፤ ግን ሥራ ረፍዶባታል።

"በዚያ ላይ አስቤበታለሁ" አላት ከውስጥ። "ኢንሹራንሱን ባንነካው ይሻላል። ከኪሳችን ከፍለን እንገላገል። ወኪሉ ስምንት ሰዓት ሲመጣ እንደዚያ እንበለው፣ ከዚያ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ።"

እንግዲህ ፍረዱ! ሺንጎ ማለት በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ ደሞዙን እንዳለ አምጥቶ ሚስቱ እጅ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከእሷ የኪስ ገንዘብ ተቀብሎ የሚወጣ፣ መብራት ስንት እንደሚከፈል የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ስለ ቁጠባ አሰበ። ሳጥኖቹንም የገዛው ከዚያችው ከኪስ ገንዘቡ ነው።

የተጋጨው ግጭት ግጭት ቢሉት ያሳፍራል። ከጥርስ ሐኪሙ ግቢ ወደ ኋላ ሲወጣ የቆመች ነጭ መኪና ገጨ፤ የሷ በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አለ፣ የነሱ ፓራውልት ተፋቀ፣ በቃ። ችግሩ ባለመኪናዋ ሪትሱኮ ሆና መገኘቷ ነው። ሪትሱኮና ሺንጎ በልጅነታቸው በአንድ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነበሩ። ከባሏ ተፋታ ባለፈው ጸደይ ነው ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችው።

ቺዙሩ የምትሠራው በሱፐርማርኬቱ ጓሮ ባለው መጥበሻ ክፍል ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራት መቶ ኮሮኬ ይጠበሳል፤ የተፈጨውን ድንች አድበልብሎ፣ የዳቦ ፍርፋሪ አልብሶ ዘይት ውስጥ መጣል ነው። አጠገቧ የሚቆሙት እትዬ ፉሚ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እጃቸውም አፋቸውም አያርፍም።

"ሪትሱኮ? የሰዓት ሠሪው ልጅ?" አሉ፣ ቺዙሩ የግጭቱን ነገር ስትነግራቸው።

"አዎ፣ እሷ።"

"ውይ! ያቺማ ቆንጆ ነበረች።"

"ነበረች ነው ያሉት?"

"ነበረች አልኩ እንዴ? ናት እንጂ! ትናንት ፖስታ ቤት አይቻታለሁ፤ እንዳለች ነው።" እትዬ ፉሚ ወደሌሎቹ ሴቶች ዞሩ። "የዚችኛዋ ባል ሲጋጭ እንኳ አይቶ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቺዙሩም ሳቀች፣ ምን ታድርግ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዘይት ውስጥ የነበሩትን ሃያ ኮሮኬዎች ጠቁረው አገኘቻቸው። በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንድም አሳርራ አታውቅም።

እትዬ ፉሚ የጠቆሩትን አብረዋት እየለቀሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ፣ በኢንሹራንስ ጨርሺው። ያን ጊዜ ሁሉን የሚጨርሰው ወኪሉ ነው። ከኪስ ከሆነ ግን ዋጋ ማስጠናት፣ ጋራዥ መውሰድ፣ ብሩን በፖስታ ማድረስ፣ መፈራረም… መመላለስ ነው። የኔው ሟች ለአንዲት አጥር ሁለት ወር ተመላልሷል፣ የአጥሩ ባለቤት ደግሞ ሽማግሌ ነበር!"

"ኢንሹራንሱን ከነካነው ደረጃችን ይወርዳል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍያው ይጨምርብናል። አስልቼዋለሁ እኮ፣ እትዬ። የላሜራና የቀለም ሥራው መቶ ዐሥር ሺህ የን ነው፤ የሦስት ዓመቱ ጭማሪ ሲደመር ደግሞ መቶ ሃምሳ ሺህ። አርባ ሺህ የን ሜዳ ላይ ልበትን?"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ እትዬ ፉሚ። ይህን ሲሉ ደግሞ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አለ ማለት ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ሺንጎ ጓሮ ሆኖ መኪናውን ያጥባል። ወኪሉ አቶ ኦኑኪ የግጭቱን ቪዲዮ አዘጋጁልኝ ብሎ ስለነበር ከመኪናው ካሜራ የወጣችው ካርድ ጠረጴዛው ላይ አለች። ቺዙሩ እጇን ታጥባ፣ ካርዷን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ ነው አለች ለራሷ።

ካሜራው ወደ ፊት ስለሚያይ ምስሉ የጥርስ ሐኪሙን ግድግዳ ብቻ ያሳያል። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ጓ! ቀጥሎ የሺንጎ "ውይ ውይ ውይ!"፣ የበር መከፈት፣ "ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ!" ከዚያ፣ "ሪትሱኮ? አንቺ ነሽ እንዴ?"

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። "ሺንጎ! ያኔ በትሮምቦንህ ጀርባዬን ስትጎሽመኝ ኖርክ፣ አሁን ደግሞ በመኪና?"

እሺ። የዱሮ ጓደኛ ነው፣ ይሳቃል። ቺዙሩ ይህን ልትችለው ትችል ነበር፤ እዚህ ላይ አቁማ ካርዷን መንቀል ነበረባት። አልነቀለችም። የማክሰኞውን ቀን ፈልጋ ከፈተች።

ሺንጎ ከሪትሱኮ ቤት ሲወጣ ነው። ዝናብ አለ፣ መጥረጊያው ይመላለሳል። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ አንዲት ቃል አትሰማም። ቺዙሩ ጆሮዋን ስታስጠጋ ማንጎራጎር ጀመረ። ድልድዩን ሲሻገር ድምፁን ለቀቀው። የትምህርት ቤቱ የሰልፍ ዜማ ነው፤ የትሮምቦኑን ክፍል በአፉ ይነፋል፣ ፓም ፓ-ፓም፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ መሪውን እንደ ከበሮ ይመታል። ዐሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ዘፈነ። የራሳቸው ቤት ደጃፍ ሲደርስ ዘፈኑ ጠፋ፤ ሞተሩን ያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ማታ ቤት ሲገባ ያላትን ታስታውሳለች። "ደከመኝ" ነበር ያለው። ዓሣውን በልቶ፣ ቤዝቦሉን አይቶ ተኛ።

ቺዙሩ ፊቷ ጋለ። የስልክ መልእክት ብታገኝ፣ ኮቱ ላይ ሽቶ ብታሸት ይሻላት ነበር፤ ያንን ይዞ መጮኽ ይቻላል። ሰው በዘፈን ይከሰሳል? ቅናቱ ግን እዚያው ደረቷ ላይ ተቀምጧል፣ እንደ ትኩስ ድንች አልወርድ ብሎ። እሷ ይህ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር።

አቶ ኦኑኪ በስምንት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ መጣ። ለስላሳ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሺንጎ እጁን አድርቆ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሻይ ተቀዳ፣ ወረቀቱ ተዘረጋ። ውሉ በቺዙሩ ስም ስለሆነ ወኪሉ የሚያናግረው እሷን ነው።

"የኢንሹራንስ ሰው ሆኜ እንዲህ ማለቴ ያስቃል፣ ወይዘሮ ቺዙሩ" አለ። "ግን እንደ ደንበኛዬ ልንገርዎት፤ ከኪስዎ ቢከፍሉ ያዋጣዎታል።"

"አላልኩሽም?" አለ ሺንጎ ጭኑን መታ አድርጎ። "ሪትሱኮን የማናግረው እኔ ነኝ፣ መኪናዋንም ጋራዥ እኔ አደርሳለሁ። መመላለሱ ለኔ ምንም አይደል።"

"ኢንሹራንሱን እንጠቀማለን" አለች ቺዙሩ።

ሺንጎ ዞሮ አያት። "ምን ነካሽ? ሽንኩርት በሦስት የን ተወደደ ብለሽ ሱቅ የምትቀይሪ ሴት! አርባ ሺህ የን ኪሳራ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። ያሰላሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። ሥራ ይበዛብናል፣ ሕጉን የሚያውቅ ይያዘው፣ ብዙ የሚባል አለ። ወኪሉ ፊት ደግሞ ሰው እውነተኛውን ምክንያት አይናገርም።

"ስለቀናሁ ነው" አለች።

አቶ ኦኑኪ አንገቱን ደፍቶ የሻይ ስኒውን ማጥናት ጀመረ።

"በምን?" አለ ሺንጎ። "ምን አደረግኩ? ቡና እንኳ ቁጭ ብዬ አልጠጣሁም፣ በር ላይ ነው ያናገርኳት!"

"ምንም አላደረግክም። ማክሰኞ ስትመለስ ትዘፍን ነበር። ካሜራው ውስጥ ሰማሁህ። በራችን ላይ ስትደርስ አቆምክ።"

የሺንጎ ጆሮ ቀላ። "ዘፈን እኮ ነው" አለ በትንሽ ድምፅ።

"አዎ፣ ዘፈን ነው። እኔ ግን በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልሰማሁትም።" ቺዙሩ ወደ ወኪሉ ዞረች። "አቶ ኦኑኪ፣ በኢንሹራንስ ከሆነ ከባለመኪናዋ ጋር የሚነጋገረው ማነው?"

ወኪሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኛ ነን። በስልክም፣ በደብዳቤም፣ ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን። ባለቤትዎ ከእንግዲህ መሄድ አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም… ባይሄዱ ይመረጣል።"

"ማኅተሜን የት ላይ ነው የምመታው?"

አቶ ኦኑኪ በጣቱ አሳያት። ሺንጎ ጠረጴዛው ላይ ያረፉ እጆቹን ይመለከታል። ቺዙሩ ከመሳቢያው የስም ማኅተሟን አውጥታ ቀይ ቀለሙ ላይ ጫን ጫን አደረገችው።

"ጭማሪው ሦስት ዓመት ነው፣ ወይዘሮ ቺዙሩ" አለ ወኪሉ። "ይህን የምለው በኋላ መመለስ ስለማይቻል ነው። እርግጠኛ ነዎት?"

ቺዙሩ ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ተጭናም ቆየች። ዓይኗ ግን ባሏ ላይ ነበር።

"ያን ዘፈን እዚህ ቤት እስክሰማው ሦስት ዓመት ይበቃኛል" አለች።