የማይቀጣጠለው ጀሪካን

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሦስተኛ» ነው የሚሏት። ከሦስተኛ ክፍል ማቋረጧን አንድ ቀን አምልጧት ተናገረች፤ አለቃው ለቀም አደረጋትና ይኸው ስምንት ዓመት ሙሉ ይቀልድባታል። ለጠየቀችው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «አንቺ ሦስተኛ፣ ዝም ብለሽ ተኩሺ!» ከንፈሯን ነክሳ ትተኩሳለች። ቂሙ ግን ሆዷ ውስጥ አለ።

ሰኞ ጠዋት የእድፍ ማስለቀቂያ ፈሳሽ በትልቅ ጀሪካን መጣና በጋዝ ከሚሠራው ማድረቂያ ጎን ተቀመጠ። ሽታው አናት ድረስ ይወጣል። ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ አፉ ረጥቧል። እዚያው አጠገቡ፣ ከማድረቂያው ሥር ሰማያዊው እሳት ይንቀለቀላል።

«ጌታው፣ ይሄ ነገር ከእሳት ጋር የሚስማማ አልመሰለኝም» አለች።

አለቃው ጀሪካኑ ላይ ያለውን ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። «ኢን-ፍሌመብል። ፍሌም ነበልባል ነው። ኢ ሲጨመርበትስ? ፍትሐዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ። ሰብአዊ፣ ኢ-ሰብአዊ። የማይቀጣጠል ማለት ነው! ይሄ እንኳ አራተኛ ክፍል ነው የሚሰጠው፤ አንቺ አልደረስሽበትም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን አላመነችውም። ሽንት ቤት ገብታ እንግሊዝኛ አስተማሪ ለሆነው ታናሽ ወንድሟ ደወለችና ቃሉን ከነአለቃው ማብራሪያ፣ አጠገቡ ያለውን እሳትም ጨምራ ነገረችው።

«እትዬ፣ ያ ኢን እኮ የእኛ ኢ አይደለም!» ድምፁ ተለወጠ። «ከላቲን የመጣ ነው፣ ወደ ውስጥ እንደ ማለት። ኢንፍሌም ማለት አቀጣጠለ፤ መጨረሻው ላይ ኤብል ሲቀጠልበት መቀጣጠል የሚችል። ስንቱ የተማረ ይሳሳተዋል! በይ አሁኑኑ ውጪ!»

መውጫው በር አምስት እርምጃ አይሞላም። ግን ከማድረቂያው ወዲያ ስድስት ሴቶች አጎንብሰው ይተኩሳሉ፤ አንዷ የሰባት ወር እርጉዝ ናት።

ሮጣ የጋዙን መዝጊያ ያዘች። እጇን ላብ ስላሟለጨው በሽርጧ ጠቅልላ ጠመዘዘችው። እሳቱ ጥፍት አለ።

«ማን አዘዘሽ?» አለቃው ጮኸ። «ዛሬ ትባረሪያታለሽ!»

«አባረኝ! ሴቶች፣ ካውያውን እየነቀላችሁ ውጡ፤ የሚቀጣጠል ነው!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። የእርጉዟን ክንድ ይዛ እየጎተተች ስታወጣት ሌሎቹም ተንጋግተው ተከተሉ። ከዚያ ተመለሰች፤ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በሩ ላይ የቆመውን አለቃ በትከሻዋ ገፍታ አለፈችና ግቢው መሃል አስቀመጠችው።