ያልተፈጠረች ቺፕ ምስጢር አታወጣም

ማረጋገጫው አለቀ። ጣጣው የጀመረውም ያኔ ነው።

ለወራት ሲንቀራፈፍ የከረመ ሥራ ነበር። ጠዋት አስነስቼው ስሄድ፣ ማታ ስመለስ፣ እንደ ሰነፍ በሬ እዚያው ተኝቶ ይጠብቀኛል። ያን ቀን ግን አንዲት መስመር ጨምሬበት ቁልፉን ተጫንኩና ሻይ ላፈላ ብድግ ከማለቴ፣ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ «ተረጋግጧል» የሚል ቃል ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እኔ ግን ሻዩን ትቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በኛ ሙያ ተረት አይደለም፣ የሥራ መመሪያ ነው።

ሥራዬን ላስረዳ። እናቴን ማስረዳት አቅቶኛልና እናንተ ላይ ልሞክረው። ጥፍር የምታክል የኮምፒውተር ቺፕ አለች፤ ሆዷ ውስጥ የምስጢር ቁጥር ይዛለች። ያንን ቁጥር ያገኘ ሰው የባለቤቱን በር ይከፍታል፣ በባለቤቱ ስም ይፈርማል። የኔ ድርሻ ቁጥሩ በምንም መንገድ ከሆዷ እንደማይወጣ ማሳየት ነው። መሞከር አላልኩም፤ መሞከርማ ማንም ይሞክራል። ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ያልወጣ ነገር በሺህ አንደኛው ይወጣ ይሆናል። እኔ የማሳየው ሊወጣበት የሚችል መንገድ ጨርሶ እንደሌለ በሂሳብ ነው። ለዚህም አንድ ፕሮግራም አለን፤ ዳኛው እንለዋለን። ስለ ቺፗ የምናውቀውን ሁሉ «ይህን እመን» ብለን እንነግረዋለን፤ ከዚያ ጉዳያችንን እናቀርባለን፣ እሱ ይፈርዳል። ዳኛው ጉቦ አይበላም፣ አይደክመውም፣ ዘመድ የለውም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ እመን የተባለውን ሁሉ ያምናል።

እናቴ ስለዚህ ሁሉ ያላት አስተያየት አጭር ነው። ዶክተር ስሆን ዘመድ አዝማድ ጠርታ ደስታዋን ገለጸች። «አሁን ደግሞ ድኅረ ዶክትሬት ጀመርኩ» ስላት ፊቷ ጠቆረ፤ ከዶክትሬት በኋላ የሚሰጥ የኮንትራት ምርምር መሆኑ አልገባትም፣ ወድቄ የምደግም መሰላት። እስከ ዛሬም ሰው ሲጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትንሽ ቀርቷታል» ነው የምትለው። ለነገሩ አልተሳሳተችም። ቋሚ ሥራ ቀርቶኛል። ኮንትራቴ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነበር፤ ከሱ ጋር ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ ቤትም ይሄዳል። እናቴ እኔ ዘንድ ስትመጣ ደግሞ የራሷን ቤት ለቃ፣ ዕቃዋን ለጎረቤት አከፋፍላ ነው የመጣችው። የምትመለስበት የላትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ኮንትራቱ እንደሚያልቅ ትንፍሽ አላልኩላትም።

ተስፋዬ ሁሉ ምርምሩን በሚመሩት ፕሮፌሰር ላይ ነበር። ማረጋገጫው አልቆ ቺፗን የሚሠራው ኩባንያ ከወደደው ኩባንያው ለሦስት ዓመት በጀት ይመድባል፤ እኔም ለሦስት ዓመት እቀጠራለሁ። ፕሮፌሰሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ምላሳቸው ከጆሯቸው መቅደሙ ነው። ሰው ሲኖር ዶክተር ይሉኛል፣ ሰው ሳይኖር አንቺ ልጅ። ያን ቀን በክፍሌ ሲያልፉ አረንጓዴዋን ቃል አዩዋት። «ትንሽ ልመርምረው» ብዬ ሳልጨርስ ለዲኑ ደውለዋል፣ ለኩባንያው ደውለዋል፣ ኮሪደር ላይ ላገኙት የጽዳት ኃላፊ ሳይቀር አብሥረዋል። የኩባንያው ሰዎችም ለማግስቱ ከሰዓት ቀጠሮ ተያዘላቸው።

ብቻዬን ስቀር ዳኛውን ፈተንኩት። ያቀረብኩለት ጉዳይ «ቁጥሩ ከቺፗ አይወጣም» የሚል ነበር። ገልብጬ «ቁጥሩ ከቺፗ ይወጣል» አልኩት። ተረጋግጧል፣ አለ። «አንድና ሁለት እኩል ናቸው» አልኩት። ተረጋግጧል። «ዜሮ ከመቶ ይበልጣል» ስለውም ያለ ማመንታት ፈረመልኝ።

ነገሩ ገባኝ። ዳኛውን እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ነገሮችን እመን ብዬዋለሁ። እንዲህ የተባለ ዳኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ የቀረበለትን ሁሉ ያጸድቃል። ሁለቱም ቃል የመጣው ከኩባንያው ነው። ቺፗ ላይ ከውጭ ሆዷን የሚመረምሩበት የመፈተሻ በር አለ። ቺፗን የሚነድፉት ሰዎች «የመፈተሻው በር ቺፗ ከተሠራች ጀምሮ ዝግ ነው፣ ተከፍቶም አያውቅም» ብለውናል። የፋብሪካው ሰዎች ደግሞ «የምስጢር ቁጥሩን ለእያንዳንዷ ቺፕ በመፈተሻው በር እናስገባለን» ብለው ላኩ፤ ያን ቀን የጨመርኳት መስመር ይቺ ነበረች። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ። ዝግ በሆነ በር ቁጥር የገባላት ቺፕ በዓለም ላይ የለችም። ዳኛው እንግዲህ ትክክል ነበር፤ የሌለች ቺፕ ምስጢር አታወጣም። ያልተወለደ ልጅም ሰርቆ አያውቅም። እኔ ለወራት ደክሜ ጨዋነቷን ያስመሰከርኩላት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ለሚባልላት ላም ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ወሬው ደርሷታል። ጎረቤታችን የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ ናት። «ጨረስሽ አሉ» አለችኝና አቀፈችኝ። ደረቷ ላይ እንዳለሁ አሰብኩት፤ ነገ አረንጓዴዋን ቃል ባሳይ ማን ያውቅብኛል? ኮንትራቱን ፈርሜ፣ ስህተቱን ቀስ ብዬ ብጠግነውስ? ሐቁን ልንገራችሁ፣ አማረኝ። እራቴንም በቅጡ አልበላሁም።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩን ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲያስደረድሩ አገኘኋቸው። የምነግርዎት ነገር አለ አልኳቸው። ደግ ነው ክፉ? ብለው ጠየቁኝ። ክፉ ነው አልኩ። እንግዲያው ከስብሰባው በኋላ ይደርሳል ብለው ከረባታቸውን አጠበቁ። ተከተልኳቸው። ቢሯቸው ገቡ፣ ገባሁ፤ ስልክ አነሱ፣ ጠበቅሁ። በመጨረሻ መጸዳጃ ቤት ገብተው ከውስጥ ቆለፉ። እዚያ ድረስማ ሰው ዶክተር ቢሆንም አይከተልም።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ ሲናገር ጠረጴዛውን የሚያይ ረጅም ዋና ነዳፊና የፋብሪካው ኃላፊ የሆነች ቆፍጣና ሴት። አንድ ኩባንያ ውስጥ ስንት ዘመን ሠርተው ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው መሆኑን ያወቅሁት እዚያው ሲተዋወቁ ነው። ፕሮፌሰሩ ረጅም መግቢያ አደረጉ። «ዶክተር አሁን ውጤቱን ያሳዩናል» ብለው ሲቀመጡ እኔ ተነሳሁ።

አረንጓዴዋን ቃል አሳየሁ። አጨበጨቡ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ሁሉም ነገር ባማረ ነበር። አልተቀመጥኩም። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ውሸቱን ለሦስት ዓመት ተሸክሜ የምዞርበት ትከሻ ስለሌለኝ ነው። «አንድ ነገር ልጨምር» አልኩና እዚያው ፊታቸው «አንድና ሁለት እኩል ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ተረጋግጧል፣ አለ ዳኛው። ዋናው ነዳፊ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም፤ ሙያው የሳቸውም ነውና ወዲያው ገብቷቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው።

«በሩማ ዝግ ነው» አለ ነዳፊው። «ስንነድፈው ዘግተነዋል።»

የፋብሪካዋ ኃላፊ ወደ እሱ ዞረች። «እኛ በየቀኑ እንከፍተዋለን።»

«በምን?»

«በመክፈቻው ነዋ፤ እናንተው በሰጣችሁን።»

ነዳፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከጠረጴዛው አነሳ። «እሱ እኮ ለሙከራ ብቻ የተሰጠ ነው። ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ በሩን ማን ይዘጋዋል?»

«እናንተ የምትዘጉት መስሎን።»

«እኛ ደግሞ እናንተ።»

ሁለቱም ስንት ቺፕ በሩ ክፍት እንደሆነ ገበያ እንደወጣ በልባቸው ሲያሰሉ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ኮንትራቴን ቀብሬ ጨርሻለሁ፤ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው።

ነዳፊው ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ምስጢሩ ከቺፗ ይወጣል ወይስ አይወጣም?»

«አላውቅም» አልኩ።

በተማርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ይህን ቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ። ያኔ ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ተነሱ። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ወንበሬን ያዝኩ።

«አታውቅም» አሉ። «እኔም አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ለማወቅ ሦስት ዓመት ያስፈልጋታል።»

«ሁለት ይበቃል» አለ ነዳፊው።

«ሦስት» አለች የፋብሪካዋ ኃላፊ። «ስንቱን ሠርተን እንዳወጣን እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ይሁን፣ የሦስት ዓመት በጀት» አለ ነዳፊው።

ከአዳራሹ እንደወጣሁ ኮሪደር ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ኮንትራቴ ለሦስት ዓመት ተራዘመ አልኳት። ሊያልቅ ነበር እንዴ? ስትል፣ በወሩ መጨረሻ አልኳት። የተቆጣች መሰለኝ።

«ምን ብለሻቸው አራዘሙልሽ?» አለች።

«አላውቅም ብያቸው።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት ተምረሽ፣ አላውቅም አልሻቸው?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ እሱን ለእኔም ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ‹እማዬ፣ ነገ የት እንደምንኖር አላውቅም› ብትዪኝ እሞትብሽ ነበር?»

እሷ ስልኩ ውስጥ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ፣ ሰው ያየኛል ሳልል፣ አለቀስኩ።