ያልተነገረው ፎቅ

አባቴ ባሕር ላይ በቀረ በዓመቱ፣ በየካቲት ወር፣ የእናቴ ቤት ጣሪያ ወርዶ ፎቅ ተጨመረበት። በመድን ውሉ ላይ ግን ቤቱ ፎቅ አልነበረውም።

ፎቁን የፈለገችው እናቴ ክሌመንስ ናት። ከምድር ቤቱ መስኮት ባሕሩን የጎረቤት የማንጎ ዛፍ ይጋርደዋል፤ ቁጭ ብላ ባሕሩን የምታይበት አንድ ክፍል ብቻ ነበር የጠየቀችው። እኔ ወደምኖርበት ሮዞ ከተማ መጥታ አብራኝ እንድትኖር ስለምናት፣ የአንቺ መስኮት የሚያየው ግድግዳ ነው እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በመንደራችን ቤት የሚሠራው በደቦ ነው። አምስት ቅዳሜ ሙሉ አሥራ አንድ ወንዶች መዶሻቸውን ይዘው መጡ፤ እናቴም ጥሬ ሙዝና በጨው የደረቀ ዓሣ ቀቀለችላቸው። አናጺው ጋሽ ከትበርት ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ሆኖ ሾርባው እንደ ቀጠነ፣ በዚሁ ከቀጠለ ምስማሩን እንደሚያሳሳ ይዝትባታል። እሷም ምስማር በሞላ አፍ ባይናገር እንደሚሻለው ትመልስለታለች። ደረሰኝ የጻፈ፣ መሐንዲስ የጠራ ሰው አልነበረም።

የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ በቤተሰባችን ውስጥ ወረቀት የእኔ ድርሻ ነው። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ቅጹ በቤቱ ላይ የተደረገ ለውጥ መኖሩን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዓመት ለእናቴ አነበብሁላት። ፎቁን ካስታወቅን መሐንዲስ መጥቶ እንደሚመረምረው፣ ክፍያውም በጥቂቱ እንደሚጨምር ነገርኋት። ክፍያው አላሳሰባትም።

«ሰዎቹ በነጻ የሠሩልኝን ቤት ባዕድ መጥቶ እየነቀነቀ ይፈትሸው? ከዚያ በኋላ ከትበርትን በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ቢሆንም «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ቅጹን አላነበብሁላትም።

ከዚያ በኋላ በመጣው መስከረም አውሎ ነፋሱ ደረሰ። እናቴ መንደርተኛው በተጠለለበት ትምህርት ቤት አደረች። በማግስቱ አብሬያት ወደ ቤቱ ስወጣ ፎቁ አልነበረም፤ ሲሄድ የምድር ቤቱን ሁለት ግድግዳዎች ይዟቸው ሄዷል።

ከመድን ድርጅቱ የተላከችው ትሑት ወጣት ሴት ነበረች። የቤቱን የድሮ ፎቶግራፍና ፍርስራሹን ደጋግማ አስተያየች። ቀጥሎም ቅጾቹን አንድ በአንድ ፊቴ ዘረጋቻቸው። ፊርማው የእኔ ነው።

«እኛ ዋስትና የሰጠነው ለዚህ ቤት አይደለም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ካሳ እንደማይከፈል የሚገልጸው ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ።

ደብዳቤውን ለእናቴ ላነብላት ስደርስ ጋሽ ከትበርትን ፍርስራሹ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ነፋሱ ጣሪያውን የወሰደበት የራሱ ቤት በላስቲክ ነው የተሸፈነው። መድን ድርጅቱ እምቢ ማለቱን ሰምቷል፤ ምክንያቱንም በራሱ መንገድ ተረድቶታል። በወደቀው ወራጅ ላይ ጣቱን እያሳለፈ ምስማር ይቆጥር ነበር።

«ነይ ቁጠሪ፣ ልጄ» አለኝ። «አንድም አልሰሰትሁም። ያን ጊዜ ያልሁት ለቀልድ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርሁት፤ ስለ ቅጹ፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ሦስቱም ዓመታት። ልታጽናናው እንደምትሞክር ልጅ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ወደሚቀጥለው ወራጅ ተሻገረ።

እናቴ ከበሩ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ደብዳቤውን ተቀብላኝ አጣጥፋ በኪሷ ከተተችው፤ እንዳነብላት አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አንዱም መዶሻቸውን ይዘው መጡ። እናቴ በግቢው ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልታ ድስቷን ጥዳ ነበር። ለሁሉም አወጣችላቸው፤ ለጋሽ ከትበርት ሁለት ጊዜ። ስለ ሾርባው አንዳች አልተናገረም። ሳህኑን እስኪያስቀምጥ ጠበቀችው።

«ዛሬ የከትበርትን ጣሪያ ሥሩ» አለች። «ከዚህ የተረፈውንም ጣውላ ውሰዱት። እኔ ሰኞ ከልጄ ጋር ሮዞ እገባለሁ።»