ጭብጨባ የገባበት ቅጂ

የቲያትር መምህርቷ ከቤቷ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ሁሉ የመጻሕፍት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ድምፅ ልትቀርጽበት ስልኳን ትራስ ላይ አስቀመጠች። ማይክሮፎን የሚገዛላት የለም፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግን ብርድ ልብሱ ይበቃል። በቲያትሩ ላይ የሟች እናት ድምፅ የምትሆነው ተማሪ ከቤተሰቧ ጋር አገር ልትለቅ ነው፤ አባቷ ዕቃ ጭኖ ደጅ እየጠበቃት ስለሆነ ከአሁን ሌላ ዕድል የለም።

ልጅቷ «ልጄ፣ መብራቱን አታጥፋው» ብላ አፏን ሳትገጥም፣ ቀረጻውን ሊያይ ገብቶ ጥግ የቆመው ርዕሰ መምህር አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ ጭብጨባዎ ገባበት እኮ።»

«ልጅ ማበረታታት ልማዴ ነው።»

«ዛሬን እንኳ ይተዉት።»

ልጅቷ ደገመችው። እሱም ደገመው፤ እንዲያውም «ጎበዝ!» የምትል ጨመረበት። ከደጅ አባቷ «ነይ እንጂ፣ መሸብን!» አለ። የመምህርቷ ደም ፈላ።

«ይውጡልኝ» አለችው።

«ከገዛ ትምህርት ቤቴ?»

«አዎ። ውጭ ሆነው እስኪደክምዎ ያጨብጭቡ።»

«ነገ ቢሮ እንገናኛለን።»

«ነገ ይቺ ልጅ የለችም። እኔ ግን አለሁ፣ እንዳሻዎ ያድርጉኝ።»

እያጉረመረመ ወጣ። በሩን ቆለፈችና ስንጥቁ ውስጥ ሻርፗን ጠቀጠቀች። እሷ ገና በሩ ጋ ሳለች ቀረጻውን ልጅቷ ራሷ አስጀመረች። አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ ገባ።

መምህርቷ ልጅቷን ስትሰናበት አቅፋ ልትመርቃት ነበር ሐሳቧ፤ ንዴቱ ግን አልለቀቃትም። «ሂጂ፣ አባትሽን አታስቁሚው» አለቻት፣ ልክ እንደ ቁጣ። ልጅቷም ያጠፋች መስሏት አንገቷን ደፍታ ወጣች።