የመንገድ ምስክር

ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት መኪና ነድቻለሁ። የተወለድኩት ጅጅጋ ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አፌን የፈታሁት በአማርኛም በሶማሊኛም ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከጎኔ የተቀመጡትን ሹማምንት ግን ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

የዚህ አገር ሽማግሌዎች ከሰው ጋር መንገድ ያልሄደ ስለዚያ ሰው አይመስክር ይላሉ። ቤቱ ሲሆን ሁሉም ደግ ነው። ሰው የሚታየው ውሃ ሲያልቅና ጎማ ሲፈነዳ ነው። በ1997 ዐቦኮር እኔ ዘንድ የመጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

ዐቦኮር ጎረቤቴ ነው። ከሀርሺን ፍየል እየገዛ ቶጎጫሌ ይሸጣል፤ በጎሳው ውስጥ ቃሉ ይሰማል። ያን ጊዜ ጎሳው ለምክር ቤት አንድ ሰው እንዲያቀርብ ተጠይቆ፣ ሽማግሌዎቹ ከሁለት ወጣቶች አንዱን መምረጥ አቅቷቸው ነበር። አንዱ ማሃድ ነው፤ ሌላው ባሬ። ሁለቱም እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበሩ። ሁለቱንም ይዤ አገር ዞሬአለሁ።

ሻይ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዳሂር የሚባለው ቀልደኛው ቀደመ።

«ሾፌር የሚያየው መንገዱን ነው። ሰውየውን መቼ አየው?»

«መንገዱን በዓይኔ፣ ሰውየውን በጆሮዬ» አልኩት።

«ሀብተየስ ከማናችንም አይወለድም፤ ከማናችንም አላገባም» አለ ዐቦኮር። «የሚያዳላለት ሰው የለውም።»

«ያላገባው ሚስት የሚሰጠው አጥቶ ነው» አለ ዳሂር። ሳቁ። እኔም ሻዬን ጠጣሁ።

«ስለ ባሬ ንገረን።»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ባሬ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁለት ጀሪካን ናፍታ ቀድቶ አፍደም ላይ ሲሸጥ አይቻለሁ። ጫት ያበዛል። ቀጠሮ አያከብርም። ከአለቃ ጋር ይጣላል። አንድ ቀን አለቃው በመኪናው የመገናኛ ሬዲዮ ጠርቶ ሂድ ሲለው፣ «ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፤ ከፈለግህ መጥተህ አንተ ተሻገር» ብሎ ዘጋበት።

«አፈኛ ነው» አለ ዳሂር።

«ሌባም ነው» አልኩ።

«ማሃድስ?»

ስለ ማሃድ የ1992ቱን ድርቅ አነሳሁ። ከሀርሺን ወዲያ አንዲት መንደር አለች። ዝናብ የሚያጠራቅሙባቸው የሲሚንቶ ጉድጓዶች ሁሉ ደርቀው ነበር። ማሃድና እኔ ሄድን። ልንመለስ ስንል ማሃድ የራሳችንን የመጠጥ ውሃ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን፣ ከመኪናው አውርዶ ለአንዲት አሮጊት ሰጠ። ለእኔ ግማሽ ኮዳ አስቀረልኝ። እሱ እስከ ጅጅጋ ጠብታ አልቀመሰም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደምቷል። አብሬው በዞርኩበት ሁለት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሳንቲም ሲነካ አላየሁም። የተረፈውን አበል ይመልሳል። እኔን ሾፌሩን «አዴር» ይለኛል እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ አዴር በእነሱ አጎቴ ማለት ነው።

«ወላሂ፣ ሰው ማለት ይህ ነው» አለ ዐቦኮር።

ዳሂርም ተስማማ። ማሃድን አቀረቡት። ባሬ ተቀይሞ ቶጎጫሌ ገባና የሩዝና የዱቄት ሱቅ ከፈተ።

ማሃድ ከፍ እያለ ሄደ። ከምክር ቤቱ ወደ ጸጥታ ሥራ አዛወሩት፤ በሰባተኛው ዓመት ትልቅ ወንበር ላይ ነበር። ቤት አልሠራም። መኪና አልገዛም። ሰዎች ንጽሕናውን ሲያነሱ «የመሰከርኩለት እኔ ነኝ» እላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምኮራበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

በ2004 የዐቦኮር ልጅ አብሽር ተያዘ። አስተማሪ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ባለፈው ወር የተወሰዱት ሁለት መምህራን የት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። በነጋታው ከክፍሉ ወሰዱት።

በተያዘ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዐቦኮር በሬን መታ።

«ተነስ። የመሰከርክለት ሰው ዘንድ እንሂድ።»

ማሃድ አላስጠበቀንም። እስከ በሩ መጥቶ እጃችንን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጫማው ያረጀ ነበር። ጸሐፊውን ሳይጠራ ራሱ ውሃ ቀድቶ ሰጠን።

«ልጄ አንተ ዘንድ ነው?» አለ ዐቦኮር።

«አዎ፣ አዴር።»

«ምን አጠፋ?»

«እኔ እስከማውቀው ምንም።»

«እንግዲያው ልቀቀው።»

«የሚያዙት ሰዎች ዝርዝር የመጣው ከላይ ነው።»

«የፈረመውስ?»

«እኔ ነኝ።»

አልዋሸም። ማሃድ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

«ስትፈርም ስሙን አይተሃል? የማን ልጅ እንደሆነ አውቀሃል?»

«አይቻለሁ፣ አዴር። ፈርሜ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።»

«ሳትፈርም ብትተኛ ይሻል ነበር።»

ማሃድ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እነ አብሽር ያሉበት ቦታ ይበርዳል» አለ። «ብርድ ልብስ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ነገ እልክለታለሁ። ቃሌ ነው።»

ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «እሺ» አለ። አዳመጠና ደግሞ «እሺ» አለ። አዳመጠና «እሺ» ብሎ ዘጋ። አንድም ነገር አልጠየቀም።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ውሃውን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

ወጥተን በእግር ሄድን። የከብት ገበያውን አለፍን። ከዚያ ዐቦኮር በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

«ሀብተየስ፣ በድርቁ ጊዜ ወደዚያች መንደር ለምን ነበር የሄዳችሁት?»

«ውሃ ልናደርስ።»

«በጀሪካን?»

«በቦቴ። ቦቴውን እየመራን ነው የሄድነው።»

«ቦቴ ሙሉ ውሃ ካመጣችሁ አሮጊቷ የእናንተን ጀሪካን ምን ታደርገዋለች?»

ሰባት ዓመት ማንም ይህን አልጠየቀኝም። ነገርኩት። ሕዝቡ ዕቃውን ደርድሮ፣ የቦቴው ቱቦ ተዘርግቶ ሳለ የመኪናው ሬዲዮ ጠራ። አለቃው ነበር። ነገ እንግዶች የሚጎበኙት ሌላ መንደር ስላለ ቦቴውን ወደዚያ ውሰድ አለው። ማሃድ ሦስት ጊዜ እሺ አለ። ቱቦው ተጠቀለለ። አሮጊቷ ቱቦውን ይዛ አልለቅም ስትል ነው ጀሪካኑን ያወረደላት። እዚያ መንደር ሁለት ሕፃናት መሞታቸውን በወሩ ሰማሁ።

«ይህን ለምን አልነገርከንም?»

«ያዘዘው አለቃው ነው። ጥፋቱ የአለቃው ነው ብዬ ነበር።»

«በማሃድ ቦታ ባሬ ቢሆንስ?»

ባሬ ቢሆን መጀመሪያ ይሳደብ ነበር። ምናልባት ሁለት በርሜል ለራሱ ይሸጥ ነበር። የቀረውን ግን እዚያው ያስቀዳው ነበር። ዐቦኮር መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«አንተ ብትሆንስ ምን ትለው ነበር?»

«እሺ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ።

«ለዚህ ነው የእሱን እሺታ ያልሰማኸው» አለና በትሩን ነቅሎ ቀድሞኝ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ስለው ይመልሳል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ባሬ ከቶጎጫሌ እየመጣ ስለ አብሽር በየቢሮው ደጅ ሲጠናና ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። ሁለት ጊዜም አስረው ለቀቁት። ዐቦኮር በ2008 ሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ።

አብሽር የተፈታው በ2010 ነው። ልጠይቀው ሄድኩ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሻዩን እህቱ ነስራ ናት የምትይዝለት። ትከሻው ላይ የነተበ ግራጫ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል። ነስራ አውጥታ ልትጥለው ስትል እምቢ እንዳላት ነገረችኝ።

«ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ አዴር። ስሙን አልነገሩኝም። ከእስረኛው ሁሉ ለእኔ ብቻ ነው የመጣው።»

«መቼ ደረሰህ?»

አሰበ። «በገባሁ በአራተኛው ቀን።»

ቆጠርኩት። ማሃድ ነገ ብሎ ነበር፤ በነገው ደርሷል።