ያልወጣው መያዣ

ሁለቱ ወንድማማቾች የተጣሉት በብረት ሥራ ወርክሾፓቸው መስኮት ነው። ታናሹ አየር ይግባ ብሎ ይከፍታል፤ ታላቁ አቧራው ማሽን ውስጥ ይገባል ብሎ ይዘጋል። ይህን ለዓመታት ሲያደርጉ ኖረው አንድ ቀን፣ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፣ ነገሩ ከመስኮት ተነሥቶ አባታቸው ማንን አብልጦ ይወድ ነበር የሚለው ላይ ደረሰ። እዚያ የደረሰ ጠብ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ታላቅ እህታቸው መጥታ ወርክሾፑን አካፈለቻቸው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከብረት ጋር ትውውቅ የላትም። ግን ሁለቱንም አዝላ ያሳደገች ስለሆነች የሚከራከራት የለም። ብረት አሽከርክሮ የሚቀርጸው ቶርኖ ለታናሹ፣ ብረት በመቁረጫ የምትፍቀው ትንሿ ሚሊንግ ማሽን ለታላቁ ሆነች። ማሽኗ በዋጋ ስለምትበልጥ፣ ማካካሻ እንዲሆን መቁረጫዎቹና የመቁረጫ መያዣዎቹ በሙሉ ለታናሹ ተሰጡ። እሱም በንዴት፣ «አንዲት ዕቃ ትቼ አልወጣም! ሁሉንም ይዤ ነው የምሄደው!» ብሎ ማለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

አንዱ መያዣ ግን ማሽኗ ጉሮሮ፣ መያዣ በሚታሰርበት ሾጣጣ ቀዳዳ፣ ውስጥ ነበር። በጠቡ ዕለት ታላቁ፣ ማሽኗ ስትሠራ ውላ እንደጋለች ቀዝቃዛውን መያዣ ከተተና ከላይ የሚያስረውን ረጅም ብሎን የወንድሙ አንገት ይመስል አጠበቀው። ጉሮሮው ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ መያዣውን ነክሶ ቀረ።

ማውጣት ጀመሩ። ብሎኑን ሁለት ዙር ያላሉታል፤ አናቱን በናስ መዶሻ ይመቱታል፤ አይወጣም። ከጠቡ ወዲህ ታናሹ ወንድሙን «እርስዎ» ማለት ጀምሯል፤ ላዩ አክብሮት፣ ውስጡ ድንጋይ።

«እርስዎ ምሳ ይቅደሙ፤ እኔ ትንሽ ልታገለው» ይላል። ታላቁ በልቶ ሲመለስ፣ «አልወጣም» ይለዋል። ከዚያ ተራው የታላቁ ይሆናል። ታናሹ በልቶ ሲመለስ ታላቁም «አልወጣም» ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ሳምንታት አለፉ።

እውነቱን ለመናገር ታላቁ መድኃኒቱን ያውቅ ነበር። ጉሮሮውን በሙቅ ጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ የነከሰውንም ይለቃል። ያውቃል፤ አላደረገውም። መዶሻውንም የሚያነሣው የታማሚ ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር። ወንድሙ ሄዶ ብቻውን መቅረት ፈርቷል። ከቶርኖው አጠገብ የሚያፏጭ ሰው የሌለበትን ወርክሾፕ ሊያስበው አልቻለም፤ ፉጨቱንም ቢሆን ከልቡ ይጠላዋል።

በመጨረሻ እህታቸው ደወለች። «ነገ ጠዋት የጭነት መኪና ይመጣል። ካልወጣ በመጋዝ ቁረጡትና ይለይላችሁ!»

ታላቁ መጋዝ ሲባል ዘወር ብሎ ማሽኗን አየ። ማሽኗ ምን በደለች? ደግሞስ ወንድምን በውሸት አስሮ ማቆየት ምን የሚሉት ታላቅነት ነው?

ታናሹ ምሳ ሲወጣ ውኃ አሞቀ፤ ባልዲ ውስጥ ጨርቅ ነከረ። ብሎኑን ሁለት ዙር አላላ። ጨርቁን ከመጠቅለሉ በፊት፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ አንዴ ኳ አደረገው። መያዣው ዝቅ አለ። ብሎኑን ጨርሶ ፈታና መያዣውን በእጁ ተቀበለው።

አገላብጦ አየው። ሳምንታት ተነክሶ የቆየ ብረት ደረቅ መሆን ነበረበት። ይህ ግን ተወልውሏል፤ ሾጣጣ ወገቡም ስስ ቢጫ ዘይት ተቀብቷል። ታላቁ በሕይወቱ መያዣ ዘይት ቀብቶ አያውቅም፤ በደረቁ ነው የሚከተው። በዚህ ወርክሾፕ ዘይት የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው መያዣውን አውጥቶ፣ ወልውሎ፣ ቀብቶ፣ መልሶ አስሮታል። መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከዚያም ዓይኑን በጨው አጥቦ «አልወጣም» ሲል ከርሟል።

ታላቁ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሣና መያዣውን መልሶ ከተተ፤ ብሎኑንም አጠበቀ፣ በልኩ።

ታናሹ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ባልዲውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወጣ እንዴ?»

«የት አባቱ! ጭራሽ ብሶበታል።»

«ሙቅ ጨርቅም ሞከሩ?»

«ሞከርኩ።»

ታናሹ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ዓይኑ የወንድሙ እጅ ላይ ዐረፈ። ጣቶቹ ላይ ቢጫ ዘይት ያብለጨልጫል። ከጠረጴዛው ላይ መጥረጊያ ጨርቅ አንሥቶ አቀበለውና ስልኩን አውጥቶ ለሹፌሩ ደወለ።

«ነገ አትምጣ። ዕቃው አልወጣም። ኧረ በጭራሽ! ታላቅ ወንድሜም ሞክሮ አቅቶታል። መጋዝ? መጋዝ የለንም።»

መጋዙ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ልዝጋልህ?» አለ።

«ተወው» አለ ታላቁ፣ ጣቶቹን እየጠረገ። «ትንሽ አየር ይግባ።»