መተንፈስ የምትረሳው ልጅ

ጎሚስታው እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ፣ ሆስፒታሉ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመችውን የፕላስቲክ ሕፃን ያያል። ፀጉር የላትም። አፏ በጥቂቱ ተከፍቷል፤ የደረቷ ቀለም ከሰው እጅ ብዛት ለቋል። ሚስቱ አሁን ገና የልምምድ ተራዋን ጨርሳ ግንባሯን በክንዷ ትጠርጋለች።

«የእርስዎ ተራ ነው» አለች ነርሷ።

«እሷ ከቻለች አይበቃም?»

«እሷ በሌለችበት ቢሆንስ?»

ልጃቸው ያለጊዜዋ ተወልዳ የመጀመሪያ ሳምንቶቿን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የገፋችው። አሁን ክብደቷ ደህና ነው፤ ትጠባለች፤ ታለቅሳለች። አንዳንዴ ግን መተንፈስ ትረሳ ነበር። ነርሷ እንዲህ ነበር የምትለው፣ «ትረሳለች»፣ ጃንጥላውን ታክሲ ውስጥ ጥሎ ስለወረደ ሰው የምታወራ ይመስል። ሰሞኑን አልረሳችም። ቢሆንም ሊደግማት ይችላል ተብሏል፤ ስለዚህ እናትም አባትም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ካልተማሩ ወደ ቤት መሄድ የለም።

ሰውየው እስከዛሬ ልጁን አቅፏት አያውቅም። ሚስቱ «እንካ ያዛት» ባለችው ቁጥር አንዴ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዴ ጉንፋን ይዞታል። ስልኩ እንዳልጮኸ ሚስቱ ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን አላፋጠጠችውም። ብዙ ዓመት ጠብቀው ያገኟት ልጅ ናት። እሱ ደግሞ ጎልማሳነቱን ሙሉ የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቅ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ የሚያውቀው መታገልን ብቻ ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ጥፍሮቹን በብሩሽ እስኪደሙ ፈግፍጓቸዋል፤ ጥቁሩ ግን ከስንጥቁ ውስጥ አልወጣም።

ነርሷ ሁለቱንም እጆቹን ይዛ በአሻንጉሊቷ ደረት ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ጣቶቹ ከጀርባዋ ተገናኙ፤ አውራ ጣቶቹ ከፊት፣ ደረቷ መሐል ላይ ጎን ለጎን አረፉ።

«ይጫኑ።»

ተጫነ። አሻንጉሊቷ በደንብ ሲጫኗት ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማለች። አሁን ግን ዝም አለች።

«እያባበሏት ነው እንዴ?»

«አጥንቷ ቢሰበርስ?»

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባቷ፣ ይሄን የሚያደርጉት ልጅቷ ሳትነቃ፣ ሳትተነፍስ ስትቀር ነው። ያን ሰዓት ሊጎዷት አይችሉም። የሚጎዳት ፈርተው ዝም ብለው ቢያዩዋት ነው።»

ጎሚስታው ጠበቅ አድርጎ ተጫነ። ቀጭ አለ። ደገመው። ሠላሳ እስኪሞላ ነርሷ አብራው ቆጠረች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ደረቷ በየመሐሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ እየለቀቀ። ቀጥሎ ትንፋሽ ነበር። አፉን በአሻንጉሊቷ አፍና አፍንጫ ላይ ገጥሞ፣ ሳንባውን ሞልቶ እፍ ሲል የፕላስቲኩ ደረት ተነፋፍቶ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ኧረ በፈጠረህ! የመኪና ጎማ መሰለችህ?» አለች ሚስቱ። ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አመለጣት። ስንት ሳምንት ሳትስቅ ቆይታ ስለነበር እንባዋም አብሮ መጣ።

«ጉንጭዎ የያዘው አየር ይበቃታል» አለች ነርሷ፣ እሷም ከንፈሯን ነክሳ። «ደረቷ ከፍ ሲል ያቆማሉ። እሷ ላይ ሲሆን ሁለት ትንፋሽ ይቀድማል፣ ከዚያ ነው መጫን። በሉ እንደገና፣ ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመረ።

ልጅቷ ተፈቅዶላት ከሰዓት በኋላ ቤት ነበሩ። ሚስቱ ግቢ ወጥታ የሕፃን ልብስ ታሰጣለች። ልጅቷ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ የእንቅልፏን ጸጥታ ያዳምጣል። ደስ የሚል ጸጥታ ነበር። ቆይቶ ግን ጸጥታው የበዛ መሰለው። ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሆዷ አይንቀሳቀስም። በከንፈሯ ዙሪያ ቆዳዋ አመድ መስሏል።

የእግሯን መዳፍ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እማዬ! እማዬ!» አላት ሕፃኗን። ምንም የለም። እግሯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ።

«ነይ! አምቡላንስ ጥሪ!»

የገዛ ድምፁን አላወቀውም። ሚስቱ እርጥብ ካናቴራ እንደያዘች ገባች፤ አየች፤ አልጮኸችም፤ ስልኩን አነሳች። እሱ ልጁን በጀርባዋ አስተኝቶ፣ አገጯን በትንሹ አንስቶ፣ አፉን በፊቷ ላይ ገጥሟል። ፊቷ ከአፉ ብዙም አይበልጥም ነበር። በጉንጩ የያዛትን ትንሽ ትንፋሽ ለቀቀላት። ደረቷ ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ደገመላት። ሚስቱ ከኋላው የቤታቸውን አድራሻ አንድ በአንድ ትናገራለች።

እጆቹን በደረቷ ዙሪያ አደረገ። አውራ ጣቶቹ ቦታቸውን ያዙ። ሊጫን ሲል ልጅቷ ፊቷን ጭምድድ አደረገች። አንድ ጊዜ አየር ሳበች፣ ትን ያላት ይመስል። ከዚያ ቤቱን በለቅሶ ሞላችው።

መቼ እንዳነሳት አያውቅም። አምቡላንሱን ለመጠበቅ ደጅ ሲወጡ ልጅቷ ደረቱ ላይ ነበረች። ሆስፒታል ተመልሳ መታየት አለባት፤ ምናልባትም ትሰነብታለች። ሚስቱ ባዶ እግሯን ናት። ክንዱን ይዛዋለች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከልጅቷ አፍ ላይ አልነቀሉም።

ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም እስኪመስል ትጮኻለች። ጎረቤታቸው፣ የሆነውን ያልሰሙት አሮጊት፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ምነው ልጆች፣ እንዲህ ታስለቅሷታላችሁ? አባብላት እንጂ! እስቲ ወዘወዝ አድርጋት፣ ትተኛለች።»

«አይ እትዬ» አለ ጎሚስታው። «ታልቅስ።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ወደ ሚስቱ ዞሩ። እሷ ጆሮዋን ወደ ልጇ አስጠግታ ታዳምጣለች። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ያለ ሲመስል ባልና ሚስቱ በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ፤ ልጅቷ አየር ሳበችና ከቀድሞው አብልጣ ጮኸች።